ላጲስ የሌለበት ቢሮ

በእኛ ቢሮ ላጲስ የለም። እርሳስ በሽ በሽ ነው፤ ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ቀዩ በየጠረጴዛው ላይ ጣሳ ሙሉ ተሰክቷል። መቅረጫ አለ፣ ማስመሪያ አለ፣ ሙጫ አለ። ላጲስ ግን ክልክል ነው። ክልከላውን ያወጣሁት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን እኔው ነኝ፤ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ መዝገበ ቃላቱን ስንጀምር። «የተጻፈ ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም» ብዬ በትልልቅ ፊደል ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩት። ወረቀቱ ዛሬም እዚያው ነው። ዳር ዳሩ ወይቧል፣ አንዱ ጥግ ተልጧል። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

ሥራችን የእንግሊዝኛ ቃላትን ወደ ቋንቋችን መፍታት ነው። እያንዳንዱ ቃል አንድ ካርድ አለው፤ መዳፍ የምታክል፣ ወፍራም፣ ነጭ ካርድ። ፊቷ ላይ የቃሉ ትርጉምና ሰው በየዕለቱ እንዴት እንደሚጠቀምበት ይጻፋል። ጀርባዋ ላይ ቃሉ ከየት እንደመጣ፣ ከሥሩም አንድ ምሳሌ። ጸሐፊው በጥቁር ቀለም ይጽፍና ለፈታሽ ያቀብላል። ፈታሿ ማስረጃ ያጣችለት ነገር ካለ ቀኝ ጥጉ ላይ ቀይ የጥያቄ ምልክት ታደርጋለች፣ ምክንያቷን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ በአግራፍ ታያይዛለች፣ ካርዷም ወደ ጸሐፊው ትመለሳለች። ጸሐፊው ማስረጃ ካቀረበ ምልክቱን በአንድ መስመር የምትሰርዘው ያደረገችው ራሷ ናት። የተሰረዘው ምልክት እዚያው ይኖራል። ከአሥር ዓመት በኋላ ካርዷን ያነሳ ሰው ማን ምን እንደተጠራጠረ ያያል። ቀይ የሌለባት ካርድ ማንም ያልተጠራጠራት ካርድ ናት፤ «ለማተሚያ» ወደሚለው መሳቢያ ትገባለች፣ ከዚያ ወዲያ የሚነካት የለም።

ፈታሿን «ቀይ እርሳስ» እንላታለን። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ካርድ በፊደል ተራ ልትደረድር ነበር የተቀጠረችው። ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ሰጠኋት፤ እሱን በልታ ጨረሰችና በተቀጠረች በሁለት ዓመቷ እኔን ማረም ጀመረች። «ባሏ እወድሻለሁ ሲላት ምንጩን ጥቀስ ትለዋለች» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። የፈታሽነቱን ወንበር የሰጠኋት ቀን «ይህን እርሳስ ይዘሽ ማንንም እንዳትፈሪ፣ እኔንም ቢሆን» ብያት ነበር። እንዲያ በማለቴ ያን ቀን ኮራሁ። ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። ጉዴ አንዲት ቃል ናት። እንግሊዞች «ሲንሲር» ይላሉ፤ ከልቡ የሆነ፣ አፉና ሆዱ አንድ የሆነ ማለት ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ አስተማሪ የዚህችን ቃል ታሪክ ነገረን። በድሮ ዘመን፣ አለ፣ ሐውልት የሚቀርጹ ሰዎች ድንጋዩ ሲሰነጠቅባቸው ስንጥቁን በሰም ይደፍኑት ነበር። ገዢው ዕቃውን ቤቱ ወስዶ ፀሐይ ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ ሐቀኛው ቀራጭ ሥራውን ሲሸጥ «ሲኔ ሴራ» ይላል፤ በላቲን «ያለ ሰም» ማለት ነው። ሲንሲር ከዚያ መጣች። ከኋላ ወንበር አንዱ «ሴራ የሌለበት ማለት ነዋ!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። እኔ ግን አልሳቅኩም። አንዲት ቃል ሆዷ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይዛ መኖሯ አፌን አስከፈተኝ። ይህን ሥራ የመረጥኩት ያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ በኋላ ታሪኩን ያልነገርኩት ሰው የለም። በሠርጌ ቀን ቆሜ ሚስቴን «ያለ ሰም እወድሻለሁ» ብዬ አስጨብጭቤያለሁ። ቤት ውስጥ ስዋሽ ሴት ልጄ «አባዬ፣ ሰምህ ቀለጠ» ትለኛለች፤ የቤታችን ቋንቋ ሆኗል። ሬዲዮ ጣቢያ ሁለት ጊዜ ተጋብዤ ተናግሬዋለሁ። ትምህርት ቤቶች ሲጠሩኝ ልጆቹ «ጋሽ ሰም መጣ!» ብለው ይንጫጫሉ። ስሙን የቢሮ ሰዎችም ያዙት፤ እኔም አልጠላሁትም። እንዲያውም፣ ምን ያስዋሸኛል፣ ወድጄዋለሁ።

«ኤስ» ፊደል ላይ ስንደርስ ካርዷን ለማንም ሳልሰጥ ራሴ ጻፍኳት። አንድም መጽሐፍ አልገለጥኩም። የራሴን ልጅ ስም መዝገብ ላይ የማይ ይመስል ምን ያስገልጠኛል?

በሁለተኛው ቀን ካርዷ ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሳ አገኘኋት። ቀኝ ጥጓ ላይ ቀይ የጥያቄ ምልክት ነበረ። ብጣሹ ወረቀት ላይ በዚያች ጥንቅቅ ባለች የእጅ ጽሕፈቷ እንዲህ ብላለች፦ «ጋሼ፣ አራት መጻሕፍት አይቻለሁ። ሦስቱ ሰም የሚባል ነገር አያነሱም። አራተኛው ያነሳና ሰው የሚያወራው ነው፣ ማስረጃ የለውም ይላል። ከላቲን መምጣቱ እርግጥ ነው፤ ንጹሕ፣ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት፣ ሙሉ ማለት ነበር። እንግሊዞችም ድሮ ለወይንና ለወተት ይሉት ነበር። ከላቲን ወዲያ ሥሩ በእርግጥ አይታወቅም። የሰሙን ታሪክ ‹ይባላል› ብለን ብናስገባውስ?»

መጀመሪያ ተናደድኩ።  እኔ የሰጠኋትን መዝገበ ቃላት ተሸክማ እኔን! ቀጥዬ አራተኛውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረድኩ፣ ገጹን አወጣሁ፣ አነበብኩ። እውነቷን ነበር። ሦስቱንም አየሁ። እውነቷን ነበር።

«ይባላል» አንዲት ቃል ናት። እሷን ብጽፍ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልተናገርኩ። ግን ከሠርጌ ጀምሮ እስከ ሬዲዮው ድረስ አንድም ቀን «ይባላል» ብዬ አላውቅም። «ነው» ነበር የምለው። መጽሐፉ የሚመረቅበት ቀን ቀርቦ ነበር፤ የንግግሬ መክፈቻም ያው የሰሙ ታሪክ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ቆሜ «ለካስ ተሳስቼ ኖሯል» ማለት ሞት መሰለኝ።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ የልጄን ላጲስ ከእርሳስ መያዣዋ አወጣሁና ኪሴ ከተትኩ። ጥግና ጥጉ የተነከሰ ነጭ ላጲስ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ኪሴ ውስጥ እየዳበስኩት ዋልኩ። ሁሉም ለምሳ ሲወርዱ «ትንሽ ሥራ አለኝ» ብዬ ቀረሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ፈገፈግኩ። የቀይ እርሳስ ቀለም በቀላሉ አይለቅም። የካርዷ ገላ ተነሳ፣ ጠጉር አበቀለ፤ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ጥላ ግን አልጠፋ አለ። ፍርፋሪውን በመዳፌ ጠርጌ ኪሴ ከተትኩት። ብጣሹን ወረቀት ቀዳድጄ መጸዳጃ ቤት ጣልኩት፣ ውሃ ለቀቅኩበት፤ ሁለት ቁራጭ ተንሳፍፎ ቀረ። ገንዳው እስኪሞላ እዚያ ቆሜ ጠበቅኩ። በላቲን የሚጠቅስ፣ ሽበት የወረረው ሰውዬ፣ ሁለት ብጣሽ ወረቀት እንዲሰምጥለት መጸዳጃ ቤት ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ወጥቼ ካርዷን «ለማተሚያ» መሳቢያ ውስጥ ጨመርኳት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ቀይ እርሳስ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጣች።

«ጋሼ፣ ያቺ የሰም ካርድ አልተመለሰችልኝም።»

«አየኋት እኮ። አስተካክዬ አሳለፍኳት፤ አንቺን ላለማድከም ብዬ ነው።»

«‹ይባላል› አሉበት?»

«አልኩበት።»

ፊቷ በራ። «አውቄ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣኝ ነበር» አለችና ሄደች። እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የምወደው ያኔ ነበር፤ ከዚያ የባሰ ቀን እንደሚመጣ ስላላወቅኩ።

መጽሐፉ ታተመ፣ ተመረቀ። መድረክ ላይ ወጥቼ የሰሙን ታሪክ «ነው» እያልኩ ነገርኩ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ቀይ እርሳስ ከኋላ ረድፍ አዲሱን መጽሐፍ ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ገጹን ስትፈልግ አየኋት። አገኘችው፣ አነበበችው፣ መጽሐፉን ቀስ ብላ ከደነችው። በማግሥቱ እንደ ወትሮዋ «እንደምን አደሩ ጋሼ» አለችኝ። ልብ አላለችውም ብዬ ራሴን አሞኘሁ።

በአራተኛው ወር ደብዳቤ መጣ። ጡረታ የወጡ አንድ አስተማሪ ናቸው የጻፉት፤ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ የሰሙ ታሪክ መሠረት የሌለው ተረት መሆኑንና እንደኛ ካለ ቤት ይህ እንደማይጠበቅ የሚያስረዳ። ደብዳቤው ሲዘጋ እንደ ደንቡ ያችኑ ቃል በእንግሊዝኛ ጽፈው ፈርመዋል። እንግሊዞች ደብዳቤ ሲጨርሱ «ከልብ የእርስዎ የሆነ» ይላሉ፤ ብድር የሚከለክልህም፣ ከሥራ የሚያባርርህም እንዲያው ብሎ ነው የሚፈርመው። የኚህ ሰውዬ ግን ከልባቸው ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን እኔንና ቀይ እርሳስን ጠራን። ወጣት ነው፣ ሰው ያከብራል፣ ስሕተት ግን አይወድም። ካርዷን ከፋይል አስወጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧታል። ከአጠገቧ ደግሞ የሁለተኛው እትም የመጀመሪያ ገጽ ረቂቅ ነበረ። በዚያ ገጽ ላይ የአዘጋጆች ስም ይሰፍራል። በዚህ እትም ቀይ እርሳስ ከሃያ ዓመት በላይ ካገለገለች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈታሽነት ወደ አዘጋጅነት ልታልፍ፣ ስሟም ሊታተም ነበር። ለእናቷ አንድ ቅጂ እንዲያዝላት አስቀድማ ጠይቃለች፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«ካርዷ ላይ ቀይ የለም» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እትዬ፣ ይህችን ካርድ አይተዋት ነበር?»

ቀይ እርሳስ ካርዷን አነሳች። ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አደረገቻት። አውራ ጣቷ ቀኝ ጥጉ ላይ ሄዶ ቆመ፣ ጠጉር ያበቀለውን ቦታ ዳበሰ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ የእርሳስ ጣሳውን እያየሁ ነበር።

«ጋሼ ያስታውሱ ይሆናል» አለች ቀስ ብላ።

በሩን ከፍታ ሰጠችኝ። መግባት ብቻ ነበር የቀረኝ። «አዎ፣ ምልክት አድርጋበት ነበር» የምትል አንዲት አጭር ነገር። ምላሴ ግን እንዲህ አለች፦

«ስንት ሺህ ካርድ ነው ያለፈው፤ ማን ያስታውሳል?»

የግድግዳው ሰዓት ይሰማ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጠበቀ፣ እሷም ጠበቀች። እኔ ዓይኔን ከጣሳው አላነሳሁም። በመጨረሻ ካርዷን በቦታዋ አስቀመጠች።

«እንግዲህ ምልክት ከሌለበት የለበትም» አለች።

«ጋሼ የጻፉት በልባቸው የያዙትን ነው፤ ይህ በማንም ይደርሳል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ፈታሽ የተቀመጠው ለዚህ ነበር። እኔ ደግሞ ይህን ያሳለፈ ሰው አዘጋጅ ነው ብዬ ማተም አልችልም።» እስክሪብቶውን አንስቶ ከረቂቁ ላይ ስሟን ሰረዘ። በአንድ መስመር፤ ልክ በደንባችን። በሳምንቱ ምድር ቤት ወዳለው የመጽሐፍ መጋዘን ተዛወረች።

ከዚያ በኋላ በዋናው ደረጃ መውረድ ተውኩ። ዋናው ደረጃ በመጋዘኑ በር ያልፋል። በስተኋላ ያለውን፣ አምፖሉ የተቃጠለውን ጠባብ ደረጃ ለመድኩ። «ጋሼ ምነው በዚያ ይዞራሉ?» ቢሉኝ «ለጉልበቴ ይሻለኛል» እላለሁ። ያ ደረጃ ለጉልበት የባሰ ነው። አንድ ቀን ግን እዚያው ደረጃ ግርጌ መጽሐፍ የጫነ ጋሪ እየገፋች ተገናኘን፤ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» አለችና ጋሪውን ወደ ግድግዳ አስጠግታ አሳለፈችኝ።  እንደምን ዋልሽ እንኳ አላልኳትም፤ ሳል የያዘኝ አስመስዬ እያሳልኩ አለፍኩ።

ስምንት ወር እንዲህ ኖርኩ። ምግብ ይበላል፣ ይተኛል፣ ሰው ሰላም ይባላል። ያፈረ ሰው የሚሞት ይመስለኝ ነበር፤ አይሞትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሳሎን ተቀምጣ የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። እኔ ጋዜጣ ይዣለሁ።

«አባዬ፣ መጨረሻ ላይ ‹ሲንሲርሊ› ብዬ ልፈርም አይደል? ና እስቲ የሰሙን ታሪክ ንገረኝ፤ በእሱ ሞራል እንድጨርሰው።»

«ተረት ነው፤ ተይው» አልኩ ከጋዜጣው ሳልወጣ።

«እንዴ! ያንተ ታሪክ? ሰምህ ቀለጠ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ቀጥላም ወረቀቷ ላይ ጎንበስ እንዳለች «በእርሳስ ነው ረቂቁን የምጽፈው፣ ማጥፊያ ግን የለኝም፤ ላጲሴን ወስደህ ሳትመልስ ቀረህ» አለች።

«ማን አባቱ ወሰደው?»

«አንተ ነሃ። አምና ቁርስ ላይ ኪስህ ስትከት አይቼሃለሁ። ለቢሮ ፈልገኸው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

ልጄ በቢሯችን ላጲስ እንደማይገባ አታውቅም። ዝም ያለችው ስላመነችኝ ነው። እኔም ጋዜጣውን ፊቴ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ዓይኔ ሞልቶ ፊደሉ አይታየኝም ነበር። ሌላኛዋም ዝም ያለችው ስላመነችኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በዋናው ደረጃ ወረድኩ። ቀይ እርሳስ መጋዘኑ ውስጥ መጻሕፍት እያሰረች ነበር፤ አሥር አሥሩን ደርድራ በሲባጎ ጠፍራ ትቋጥራለች። በጣቶቿ ላይ ፕላስተር አለ። ቀና ብላ አየችኝና ወንበር ሳበችልኝ።

«ቆሜ ይሻለኛል» አልኩ። ስምንት ወር ያጠናሁት ነገር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «ምልክቱን የፋቅኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ሲባጎውን አልለቀቀችም። «አውቃለሁ እኮ ጋሼ።»

«አውቀሽ ነው?»

«በጣቴ ነካሁት። ላጲስ ያለፈበት ወረቀት ይታወቃል።» ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገችና ከጠረጴዛው ሥር ካለው ቦርሳዋ ሰማያዊ ደብተር አውጥታ ዘረጋችልኝ። ቀይ ምልክት ያደረገችባቸው ካርዶች በሙሉ በቀን በቀናቸው ተመዝግበዋል፤ ምክንያታቸውም ቃል በቃል ተገልብጧል። የእኔዋም አለች። ‹ይባላል ብለን ብናስገባውስ?› ይላል፤ ከጎኑ ‹አስተካክለዋል› ብላ ጽፋ ነበር፤ የምረቃው ቀን በቀይ ሰርዛዋለች።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። «ይህን ይዘሽ ነው ዝም ያልሽው? ለምን አላሳየሽውም?»

«ላሳየው ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ፣ እዚያው እግሬ ሥር።» ሌላ ሲባጎ ሳበች። «ግን እርስዎ ይናገራሉ አልኩ። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ እያልኩ ሰዓቱን አይ ነበር። ሦስት ደቂቃ ሞላ። ከዚያ በኋላ ደብተሩን ማውጣት አስጠላኝ። ለስሜ ብዬ እርስዎን ላዋርድ? እርስዎ አይደሉ እንዴ እርሳሱን የሰጡኝ?»

አንገቴን ደፋሁ። «ይቅር በይኝ» አልኩ እንደገና፣ ሌላ ቃል ስላጣሁ። መዝገበ ቃላት ያዘጋጀሁ ሰው ሌላ ቃል አጣሁ።

«ጋሼ፣ እኔን ይቅርታ ቢጠይቁኝ ምን ይጠቅማል?» አለች፣ ሳትቆጣ። «እኔማ አውቃለሁ። የማያውቁት ላይ ያሉት ናቸው።»

ተነስቼ ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፦ ደረጃውን ስወጣ የሚያስወጣኝ ሕሊናዬ ይሁን ያ ሰማያዊ ደብተር አላውቅም ነበር። ዛሬም አላውቅም። ደብተሩን ባላየው ኖሮ ከእሷ ይቅርታ ተቀብዬ፣ ልቤ ቀሎኝ፣ ወደ ወንበሬ እመለስ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

የሥራ አስኪያጁ በር ክፍት ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኩት። ሰማኝ፤ ፊቱ ሲቀያየር አየሁ፤ ተነስቶ በሩን ሊዘጋ ሄደና እጀታውን እንደያዘ ቆመ።

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምልክቱ በስሕተት ለቆ ይሆናል፤ እርሳስ ነው፣ በእጅ ሲነካካም ይለቃል። እንዲያ እንበልና እትዬን እንመልሳቸው። ስማቸውም ይገባል። የእርስዎን ስም ምን አመጣው እዚህ ውስጥ?»

እንዴት ያለ ጥሩ በር ነበር! እሷም ትመለሳለች፣ እኔም ጋሽ ሰም እንደሆንኩ እኖራለሁ። አፌ «እሺ» ለማለት ተከፍቶ እንደነበር አስታውሳለሁ።

«በስሕተት አይደለም» አልኩ። «ላጲሱን ከቤት ነው ያመጣሁት። የልጄን ላጲስ።»

ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። በወዲያኛው ክፍል አንድ እርሳስ መጫሩን ሲያቆም ተሰማኝ፤ ሁሉም ሰምተዋል። ሥራ አስኪያጁ እጀታውን ለቀቀ።

ቀይ እርሳስ ተመለሰች፣ በአዘጋጅነት። ስሟ በሁለተኛው እትም የመጀመሪያ ገጽ ረቂቅ ላይ ተመልሶ ገብቷል፤ የእናቷም ቅጂ ተይዟል። እኔን ማባረር ይችሉ ነበር፤ አላባረሩኝም። ፈታሽ አድርጉኝ ብዬ ለመንኩና ቀዩን እርሳስ እኔ ያዝኩት። ቦታችን ተገለበጠ፤ እሷ ዛሬም «ጋሼ» ትለኛለች፣ ሌሎቹ ደግሞ «ጋሽ ሰም» ማለቱን ትተዋል። የተዉበት ምክንያት ስለሚገባኝ ይበልጥ ያመኛል።

ባለፈው ሳምንት ከእሷ ጠረጴዛ የመጡትን ካርዶች ስፈትሽ «ሲንሲር»ን አገኘኋት። እንደ አዲስ ጽፋታለች። ፊቷ ላይ፦ «ልባዊ፤ የተባለውና የታሰበው አንድ የሆነ። በደብዳቤ መዝጊያ ላይ አዘውትሮ ይገባል፤ በዚያ ቦታ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይጻፋል።» ጀርባዋ ላይ፦ «ከላቲን፤ ንጹሕ፣ ያልተቀላቀለ፣ ሙሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥር በእርግጥ አይታወቅም። ‹ያለ ሰም› ከሚል መጣ ይባላል፤ ማስረጃ አልተገኘለትም።» ከሥሩ ምሳሌው፦ «ይቅርታው ዘገየ፤ ግን ልባዊ ነበር።»

ብዙ ጊዜ አየኋት። ከዚያ ቀዩን እርሳስ አንስቼ ቀኝ ጥጉ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ። ብጣሽ ወረቀት ላይም «ልባዊ ለመሆኑ ማስረጃ የለም» ብዬ ጽፌ በአግራፍ አያይዤ መለስኩላት። የሥራ ግዴታዬ ነው። የማላውቀውን እንዲያልፍ ካደረግኩማ ከድሮው በምን ተሻልኩ?

በማግሥቱ ካርዷ ተመለሰች። ከእኔ ብጣሽ ሥር፣ በዚያች ጥንቅቅ ባለች ጽሕፈቷ፣ መልስ አለ፦ «ማስረጃ፦ ያን ቀን ተከትዬዎት ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር፤ የተሰጠዎትን ማምለጫ ትተው ‹ላጲሱን ከቤት ነው ያመጣሁት› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ማስረጃ ቀርቧል። ምልክቱን መሰረዝ ያለበት ደግሞ ያደረገው ሰው ነው፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማተሚያ ቤቱ ካርዶቹን በወሩ መጨረሻ ይወስዳል። እርሳሱን በየቀኑ አነሳለሁ፤ ያ ሰማያዊ ደብተር ትዝ ይለኝና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ካርዷ ግን እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ ቀዩም እንዳለ አለ።